የአራስ መብት ይከበርልኝ፤ ገንፎው ይቅር

ለሰፈራችን መረዳጃ እድር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ለገጣፎ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በማገግምበት ጊዜ የእድሩን ድጋፍና የጎረቤቶቼን ትብብር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ እንዲሁም ወንድሞቼና እህቶቼ የእድሩ አባላት፣

ወርኃዊ መዋጮዬን ሳላዛንፍ የምከፍል፣ ጡሩንባ በተነፋ ቁጥር ነጠላዬን ዘቅዝቄ የምወጣ፣ በለቅሶ ቤት ሽንኩርት የምከትፍና ሰሃን የማጥብ አባላችሁ ነኝ። እድራችን አባል ሲሞት ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቅበታል፤ ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ቀባሪም አይጠፋም። እኔ ግን የምለምናችሁ ሳልሞት ነው። ለዚህ የሚሆን አንቀጽ በደንባችን ውስጥ ስላላገኘሁ ጉዳዬን በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገና በኋላ በጥር ወር መጀመሪያ ኢስታንቡል ሄጄ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና አደርጋለሁ። ሐኪሞቹ የጨጓራዬን ሦስት አራተኛ ያህል ቆርጠው ያወጡታል። የሚቀረው ቀጭን ጨጓራ መጀመሪያ ላይ ቢይዝ ቢይዝ ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ነው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ አንድ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ማገገሙ ግን ሳምንታት ይወስዳል። የማገግመውም እዚሁ ለገጣፎ፣ ከናንተ ጋር ሆኜ እንጂ ሐኪሞቹ ባሉበት አይደለም። ቢላዋው የባዕድ፣ ድስቱ የጎረቤት ነው ማለት ይቻላል፤ የሚያስፈራኝም ድስቱ ነው።

አስቀድሜ አንድ ወሬ ላቅና። «ገንዘብ ተርፏት ልትሸነቅጥ ነው» እየተባለ እንደሚወራ ሰምቻለሁ። ገንዘቡ የተረፈ አይደለም፤ የዕቁብ ገንዘብ ነው፣ የሠርግ ወርቄ ነው፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ ነች። ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ፣ ማታ ማታ ትንፋሼ ይቋረጣል፣ ከታክሲ ወርጄ ኮብልስቶኑን ቤቴ ድረስ ለመውጣት ጉልበቴ እምቢ ካለ ቆይቷል። በእኛ ዘንድ ውፍረት የድሎት ምልክት ሆኖ ስለኖረ፣ በሽታ ነው ሲባል ሰው ይስቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን አያስቅም፦ በ2000 ከመቶ ሴቶች 3ቱ ብቻ ነበሩ ከልክ ያለፈ ክብደት የነበራቸው፤ በ2016 8 ሆኑ፤ በከተማ ደግሞ ከአምስት ሴቶች አንዷ። በስብሰባችን ቀን ዙሪያችሁን ብታዩ ቁጥሩ ራሱ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፤ ይህን ስል ማንንም ለማስቀየም አይደለም።

ይህ ሰፈር ለማገገም መሰናዳት ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ሴት ወሯ ሲገባ ቅቤው ተነጥሮ፣ የገንፎው ዱቄት ተፈጭቶ፣ የአጥሚቱ እህል ተለቅሞ ይጠብቃታል። አራስ እንጨት አትሸከምም፣ ውኃ አትቀዳም፣ ለቅሶ አልደረሽም ተብላ አትቀጣም። «ምነው ይህን ሁሉ አከማቸሽ?» የሚላትም የለም። እኔ ግን ሁለት ካርቶን የዱቄት ወተት በባጃጅ ሳስገባ «ሱቅ ልትከፍት ነው» ተባልኩ። የጁስ መፍጫ ስገዛ ደግሞ «ጭማቂ ቤት» ተጨመረበት። የአቤቱታዬ ጭብጥ ይኸው ነው፦ የአራስ መብት ይሰጠኝ፤ ገንፎው ብቻ ይቅርብኝ።

ለምን እንደማከማች ላስረዳ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መጀመሪያ ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ሁለት ሳምንት ያህል ወተትና ሾርባን የመሰለ ፈሳሽ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት የተፈጨ፣ ከዚያም ለስላሳ ምግብ ነው የሚፈቀድልኝ። እንደ ሰው ሁሉ የምበላው ሁለት ወር ገደማ ሲሆነኝ ነው። ስፌቱ ሳይጠና ጠንካራ ነገር ቢገባበት ያስመልሳል፣ ከዚያ የባሰም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚያስፈልገኝ ምግብ ሳምንቱ ሳይገባ ቤቴ መገኘት አለበት። ያኔ እኔ ገበያ መውጣት አልችልም፤ ባለቤቴ ደግሞ እናንተም እንደምታውቁት ምስርና ሽምብራ መለየት የጀመረው ዘንድሮ ነው።

ሆስፒታሉ የላከልኝ የግዢ ዝርዝር ለኢስታንቡል ሱፐርማርኬት የተጻፈ ነው። አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ቁጭ አድርጋ ወደ ጣፎ ጓዳ ገለበጠችልኝ። ሾርባው ስቡ የተገፈፈለት፣ በርበሬ ያልነካው የአጥንት ሾርባ ሆነ። እርጎው ያው እርጎ ነው፤ ቅባት የሌለበት ለስላሳ አይብም አለን፣ ያውም የእናቴ እጅ የሠራው። የተፈጨ የተባለው የምስር ክክ አልጫና ቀጠን ያለ ነጭ ሽሮ ነው። ድንገት ሳስበው ሕክምናው ለእኛ አገር ምግብ የተሠራ ይመስለኛል፤ ሽሮን የፈጠረች ሴት ይህን ቀዶ ሕክምና አስቀድማ ያየችው ይመስል። እንጀራ ግን ጨጓራ ውስጥ ገብቶ ስለሚያብጥ የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው። እማማዎች ይህን ሲሰሙ የሚያዩኝን አስተያየት ከወዲሁ ለምጄዋለሁ።

ችግሩ ያለው ሂሳቡ ላይ ነው። ጡንቻዬ እንዳይሟሽሽ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገኛል። ግማሽ ሊትር ወተት 16 ግራም ገደማ ይሰጣል፣ አንድ የፈረንጅ እንቁላል 6፤ የሐበሻው ትንሽ ስለሆነ ከዚያ ያንሳል። መቶ ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ገደማ ነው። ሁለት ሲኒ በሚይዝ ጨጓራ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ በዱቄት የተዘጋጀ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ለእኛ ደግሞ ይህ የሚገኘው «ሰው ሲመጣ» በሻንጣ ነው፣ ወይም መቼ እንደተመረተ ጽሑፉ ተፍቆ በማይነበብ ቆርቆሮ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ከመቶ ብር በላይ ሲሻገር፣ የቆርቆሮው ዋጋም አብሮ ሄደ። እኔ ያገኘሁት መፍትሔ የዱቄት ወተትን በፈሳሽ ወተት መበጥበጥ ነው፤ ጣዕሙ ሕጻንነቴን ያስታውሰኛል፣ ግን ያግዛል።

ቫይታሚኑ ደግሞ ለሳምንታት ሳይሆን ዕድሜ ልኬን የምወስደው ነው፦ ቢ12፣ ብረት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም። ካልሲየሙ ሲትሬት የሚባለው ዓይነት እንዲሆን ነው የታዘዝኩት፤ የጨጓራ አሲድ ባይረዳውም ሰውነት ያስገባዋልና። ከጣፎ እስከ መገናኛ ስዞር የሚያሳዩኝ ካርቦኔቱን ነበር። ብረቱና ካልሲየሙ አብረው አይዋጡም፣ መሐላቸው ሁለት ሰዓት ያህል መኖር አለበት። ይህን የምጽፈው እቤቴ የምትመጡ ሁሉ ክኒን ቆጥራችሁ «ይህን ሁሉ በአንዴ ዋጪውና ይለፍልሽ» እንዳትሉኝ ነው።

እዚህ ላይ ከእድራችን አቅም በላይ የሆነ አንድ ነገር በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። በንጉሡ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ኢትዮጵያና ስዊድን በጋራ ባቋቋሙት የሕጻናት ምግብ ማዕከል ፋፋ ተፈለሰፈ፤ የእህልና የጥራጥሬ ዱቄት ከወተት ዱቄትና ከቫይታሚን ጋር ተቀይጦ። ያን ጊዜ የተራበ ሕጻን ነበር የታሰበው። ሽምብራና ባቄላ እንደ ድንጋይ በሚገኝበት አገር፣ ለታመመና ለቀዶ ሕክምና በሽተኛ የሚሆን፣ ስኳር የሌለው ፕሮቲን የበዛበት ዱቄት እስካሁን ከውጭ በሻንጣ መምጣቱ አግባብ አይደለም። የሚመለከተው ሁሉ ይህን እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ትዕዛዝ ይቀበልልኝ፤ ገዢ አለ፣ እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ።

አሁን ወደ እድራችን ልመለስ። ቀኖቹን አስሉልኝ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ጉበቴ እንዲያንስና ለሐኪሞቹ መንገድ እንዲከፍት ሲባል በጣም ትንሽ ብቻ እበላለሁ። ገና፣ ታኅሣሥ 29፣ እዚያው መሐል ይውላል። ስለዚህ ዶሮ ወጣችሁን ባልቀምስ ተቀየምሽን ብላችሁ እንዳትይዙብኝ። ከተመለስኩ በኋላ ጥምቀት ያገኘኛል፤ እሱንም ከቤቴ ሆኜ በመስኮት አከብራለሁ። ዐቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 9 ይገባል። ረመዳንም ጨረቃዋ ስትታይ በዚያው ሳምንት ነው። ለስላሳ ሥጋና እንቁላል የሚፈቀድልኝ በዚያ ሰሞን ሲሆን፣ የሰፈራችን ሥጋ ቤቶች የሚዘጉትም በዚያው ሰሞን ነው። የንስሐ አባቴ «የታመመ ይበላል» ብለው ፈቅደውልኛል፤ ሙስሊም ጎረቤቶቼም ለታመመ ጾም እንደሚቀርለት ከኔ ይልቅ ያውቁታል። የማልፈራው ቅዱሳኑን ነው፤ የምፈራው በሁዳዴ የዶሮ ሾርባ ሽታ ከጓዳዬ ሲወጣ አጥር ላይ የሚሰቀለውን ዓይን ነው።

ስለዚህ ዶሮው ከቅበላ በፊት ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በትንንሽ ዕቃ ተከፍሎ በረዶ ቤት መግባት አለበት፤ በረዶ ቤቱ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግራችሁም። የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ 24 ሰዓት፤ ተራው ፍሪጅ ግን ከአራት ሰዓት አያልፍም። ባዶውን ቦታ ውኃ በሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞላሁት ነው፤ በረዶ ሆኖ ለሌላው ቅዝቃዜ ያበድራል። ከዚያ በላይ ሲጠፋ ግን የእድራችን ጄነሬተር አለ። አሁን ከድንኳኑ ጋር መጋዘን ውስጥ ተሸፍኖ የሞተ ሰው ይጠብቃል። ለቅሶ በሌለበት ቀን፣ ነዳጁን እኔ ችዬ፣ በቀን ለጥቂት ሰዓት እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ለቅሶ ካለ ቅድሚያው የሟች ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ውኃን በተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1970 ተሠርቶ ያለቀው የለገዳዲ ግድብ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ለአዲስ አበባ ውኃ ከዚህ ይሄዳል፣ ወደ እኛ ቧንቧ ግን በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ፈረቃውም ቀኑን ይረሳል። እኔ በቀን ቢያንስ አንድ ተኩል ሊትር መጠጣት አለብኝ፤ በጉንጭ ሳይሆን በትንሽ በትንሽ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ከምግብ ጋር ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ያህል አሳልፎ። ውኃው ተፈልቶ ወይም በውኃ አጋር ታክሞ መሆን አለበት፤ ቁስል ባለበት ሆድ ተቅማጥ መጨመር ጥጋብ ነው። ሮቶዬ ሲደርቅ ጄሪካን ነው ያለው፤ ባለ ሃያ ሊትሩ ጄሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው። ሐኪሞቹ ለአንድ ወር ገደማ ከአምስት ኪሎ በላይ አታንሺ ብለውኛል። የሰፈሩ ወጣቶች በተራ እንዲቀዱልኝ ኮሚቴው እንዲመድብልኝ አመለክታለሁ። ክፍያ አልሰጥም ብዬ አይደለም፤ ግን ለአራስ በነጻ የሚቀዳ ለኔ በክፍያ የሚሆንበት ምክንያት አልታየኝም።

ጥየቃውን በተመለከተ ትንሽ ረዘም ብዬ ብናገር ትፈቅዱልኛላችሁ፤ የልቤ ያለው እዚህ ነው። መምጣታችሁን እወዳለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ ሳምንት አትምጡብኝ። ከዚያ በኋላ ብትመጡ ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ሂዱልኝ፤ ስቃችሁ አታስቁኝ፣ ስፌት አለብኝ። ይዛችሁ የምትመጡትንም ልናገር፤ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። አምቦ ውኃ ለሆድ መልካም ነው ብላችሁ አትምጡበት፤ ጋዝ ያለው ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ማር የተቀላቀለበት ጭማቂ፣ ለስላሳ፣ ጠላ፣ ቋንጣ ፍርፍር፣ ቆሎ ይቅርብኝ። የአብሽ መጠጥ ለማደለብ ነው የሚጠጣው፤ እኔ የምሄደው ለተቃራኒው ነው። የምታፈሉት ቡና ይሽተተኝ፤ እኔ ግን ለሳምንታት አልጠጣም፣ ከአቦሉም ከበረካውም። ከሁሉ በላይ ጉርሻ። «በኔ ሞት» ብሎ ያጎረሰኝ ሰው እውነት ሊገድለኝ ይችላል። አንድ ጉርሻ ጨጓራዬ ከሚችለው በላይ ነው።

ጠበሉን አልተቃወምኩም፤ አምናለሁ። ነገር ግን በአንድ ትንፋሽ አንድ ጆግ ጠጪ መባል አይቻልም፤ በሲኒ እየተቀዳ ቀኑን ሙሉ ይሰጠኝ፣ በረከቱ አይቀንስም። ቅር የሚለኝ ሌላው ነገር የመድኃኒት ልግስናችን ነው። «እኔን ያዳነኝ ይኸው» ተብሎ ዳይክሎፈናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይሰጠኛል። እነዚህ ጨጓራን የሚያቆስሉ ናቸው፣ ለኔ ተከልክለዋል። ለሕመሜ ፓራሲታሞል አለኝ። የስኳር መድኃኒቴም መጠኑ ወዲያው ስለሚቀንስ በድሮው ልክ እንድወስድ የሚያስታውሰኝ አይኑር።

በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ጸጉሬ ሊረግፍ ይችላል። ሰውነት በፍጥነት ሲከሳ የሚሆን ነው፤ ተመልሶም ይበቅላል። ቡዳ አይደለም። «ደግሞ ከሳሽ፣ ምን ሆንሽ?» እየተባለ በሹክሹክታ የሚሰጠኝን የበሽታ ስምም ከወዲሁ እቃወማለሁ። የሆንኩትን እነሆ በፊርማዬ ነግሬያችኋለሁ።

ሳቁን ትቼ ልናገር። ከተመለስኩ በኋላ ትኩሳት ከያዘኝ፣ ልቤ ያለ ሥራ በደቂቃ ከ120 በላይ ከመታ፣ ሆዴን ወይም ትከሻዬን አጥብቆ ካመመኝ፣ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ቀናት ያላባራ ትውከት ከያዘኝ ደግሞ ሰውነቴ ቫይታሚን ቢ1 አጥቶ አእምሮዬ እስከመጎዳት ሊደርስ ይችላል። ያኔ «ጥቂት ይለፍለት» አይባል። ከጣፎ አዲስ አበባ በሌሊት ታክሲ እንደሌለ ታውቃላችሁ። መኪና ያላችሁ አባላት ተራችሁን አውጥታችሁ ስልካችሁን ለባለቤቴ እንድትሰጡልኝ እጠይቃለሁ። ጡሩንባው ለሬሳ ብቻ መነፋት የለበትም።

ሌላው አጭር ነው። ለሁለት ወር ከእሑድ ስብሰባ፣ ከለቅሶ ቤት ሥራና ከሠርግ መስተንግዶ እንድቀር ይፈቀድልኝ፣ መቀጮም አይጻፍብኝ። መዋጮዬ አይቋረጥም።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ። እማዬ የምትኖረው ሱሉልታ ነው። ወተቱን እያፈላች፣ አይቡን እያወጣች ልትልክልኝ ቃል ገብታለች። ሁለታችንም ያለንበት ሸገር ከተማ ካርታው ላይ አንድ ይሁን እንጂ አዲስ አበባን እንደ ቀለበት የከበበ ስለሆነ፣ ከሱሉልታ ለገጣፎ ለመምጣት አዲስ አበባን ማቋረጥ አለባት። በሰባ ዓመቷ የአይብ ቅል ይዛ ሦስት ታክሲ ስትቀያይር ላያት አልፈልግም። ሱሉልታ የሚመላለስ አባል ካለ፣ በሳምንት አንድ ቀን ቅሏን ተቀብሎ እንዲያደርስልኝ እለምናለሁ። ለእሷ ግን እኔ እንደጠየቅኩ አትንገሯት፤ ልጄ ለልመና በቃች ብላ ታዝናለች።

ከዚህ በላይ የዘረዘርኳቸው ለእኔ ብቻ አይደሉም። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ያሉ እድሮችም ነገ የሚጠየቁት ይህንኑ ነው፤ የልብ፣ የማሕፀን፣ የጀርባ ቀዶ ሕክምና አድርጎ የሚመለስ አባል ዛሬ በየቤቱ አለ። ስለዚህ በደንባችን ላይ «ከቀዶ ሕክምና የሚያገግም አባል እንደ አራስ ይታያል» የሚል አንድ አንቀጽ እንዲጨመር፣ ጥያቄዬም በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ተነብቦ ውሳኔው ከገና በፊት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ባዶ እጄን አልሄድም የሚል ጎረቤት ካለ እንቁላል ያምጣ።